ከጉማራ የተላከው መልእክት የት ገባ? አንዲት ቢትና የኮድ ግምገማ

ክረምት ላይ የርብና የጉማራ ወንዞች ሞልተው ፎገራ ሜዳ ላይ ይተኛሉ። ውኃው ለሩዝ ሲሳይ ነው፤ ሲበዛ ግን ማሳም ቤትም ያጥለቀልቃል። እስቲ በወንዞቹ ዳር የውኃ ከፍታ የሚለኩ፣ በትንሽ ባትሪ የሚሠሩ ሽቦ አልባ መሣሪያዎች ተተክለዋል ብለው ያስቡ። መሣሪያዎቹ መረጃውን እየተቀባበሉ ወረታ ያደርሱታል። እንዲደርስ ግን አድራሻው ልክ መሆን አለበት።

ችግሩ የቦታ ጥበት ነው። በእንዲህ ዓይነት መሣሪያዎች የተለመደው የ802.15.4 ሬዲዮ በአንድ ጊዜ የሚልከው ቢበዛ 127 ባይት ነው። የአይፒ ስሪት 6 ራስጌ ብቻውን 40 ባይት ይወስዳል፤ 32ቱ የላኪና የተቀባይ አድራሻ ናቸው። እያንዳንዱ ባይት ደግሞ ባትሪ ይበላል። ስለዚህ እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣው አርኤፍሲ 6282 የተባለው መስፈርት አንድ ዘዴ ይፈቅዳል፦ ጎረቤት ለጎረቤት ሲላላኩ አድራሻውን ጭራሽ አለመላክ። ተቀባዩ ከሬዲዮው አድራሻ ተነስቶ ራሱ መልሶ ይገነባዋል።

ስህተት የሚገባው እዚህ ላይ ነው። የሬዲዮው አድራሻ 8 ባይት ከሆነ ከመጀመሪያው ባይት አንዲት ቢት ትገለበጣለች፤ 00 የነበረው 02 ይሆናል። 2 ባይት ከሆነ ግን ግልበጣ የለም፤ የቀረው በተወሰኑ ባይቶች ይሞላል። አሁን አንድ ፕሮግራመር «ኮዱን ላሳጥር» ብሎ ሁለቱን መንገዶች አንድ አደረጋቸው፤ ግልበጣዋም ተረሳች እንበል።

ቤተ ሙከራ ውስጥ ሁሉም ነገር ይሠራል። ለምን? ላኪውም ተቀባዩም አንድ ዓይነት ስህተት ስላላቸው ነው፤ ተነጋግረው እንደመጡ የሐሰት ምስክሮች ይስማማሉ። ጉማራ ዳር ያለው አሮጌ ኮድ የያዘ መሣሪያ ሲልክ ግን ወረታ ያለው አዲሱ ተቀባይ ሌላ አድራሻ ይገነባል። የዩዲፒ ማረጋገጫ ድምር አድራሻንም ስለሚጨምር ሒሳቡ አይገጥምም፤ መልእክቱም ድምፅ ሳያሰማ ይጣላል።

እርስዎ የኮድ ገምጋሚ ከሆኑ ሦስት ነገር ይጠይቁ። አንደኛ፣ የአድራሻው ርዝመት፣ 2 ይሁን 8፣ ከአድራሻው ጋር አብሮ ይተላለፋል ወይ? ሁለተኛ፣ የባይቶቹ ቅደም ተከተል ተጠብቋል ወይ? ሬዲዮው ከኋላ ጀምሮ ይልካል፤ አይፒ ግን ከፊት። ሦስተኛ፣ ፈተናው ኮዱን ከራሱ ጋር ብቻ ነው የሚያስተያየው ወይስ ከመስፈርቱ በእጅ ከተጻፉ ባይቶች ጋር?

ሦስተኛውን አይለፉት። ያችን የተረሳች ቢት የሚያጋልጣት እሱ ነው፤ ያለዚያ የምትታወቀው ወንዙ ከሞላ በኋላ ነው።