ሻሊማር ላይት፦ ሙቀት የሚችል ቫኒላ

የፓሪሱ ገርላን ሽቶ ቤት «ሻሊማር»ን በአውሮፓውያኑ 1925 በከተማዋ በተካሄደው የጌጥ ጥበባት ዓለም አቀፍ ዐውደ ርዕይ ላይ ሲያቀርብ፣ ቀማሚው ዣክ ገርላን ቫኒላውን ሳይሰስት ተጠቅሞበት ነበር። ጣፋጭ፣ ሞቅ ያለና ጭስ ጭስ የሚል መዓዛው ለብርድ ምሽት የተሠራ ይመስላል። ለፀሐይ ግን ይከብዳል። ገርላን በ2003 ያወጣው «ሻሊማር ላይት» ይህን ክብደት ለማቃለል የታሰበ ነው፤ ቀማሚዋ ማቲልድ ሎራን ናት።

የሎራን ሥራ ለምን ከባድ እንደነበር የሚገባው የዋናውን ሽቶ ውስጥ ላየ ነው። ሻሊማር ሲረጭ መጀመሪያ አፍንጫ የሚደርሰው ቤርጋሞት ነው፤ በደቡብ ጣሊያን ካላብሪያ ከሚበቅል የሎሚና የብርቱካን ወገን ፍሬ ልጣጭ የሚጨመቅ ዘይት። ከሥር ግን የቫኒላ ሽታ የሚሰጠው፣ በቤተ ሙከራ የሚሠራው ኤቲል ቫኒሊን አለ። ጉልበቱ ከተራው ቫኒሊን ሁለት ሦስት እጥፍ ይበልጣል። ኦፖፖናክስም አለበት፤ ይህ በሶማሊያና በኢትዮጵያ ሶማሌ ክልል የሚለቀም፣ የከርቤ የቅርብ ዘመድ የሆነ ዛፍ ሙጫ ነው። በቀድሞው ቅመማ ደግሞ ዝባድ ነበረበት። ኢትዮጵያ ለረጅም ዘመን ዋናዋ የዝባድ አቅራቢ ነበረች፤ ከጥርኝ የሚወሰደው ቅባት በከብት ቀንድ ተሞልቶ ወደ አውሮፓ ይላክ ነበር። አሁን በአብዛኛው በሰው ሠራሽ ምትክ ተተክቷል። የአገራችን ገበሬ እጅ በዓለም ስመ ጥር ሽቶዎች ውስጥ እንዲህ መግባቱን የሚያውቅ ሰው ማነሱ ያስቆጫል።

ሙቀት ይህን ሁሉ ያናጋዋል። ሽቶ የሚሸተው ከቆዳ ላይ እየተነነ ነው፤ ሙቀት በጨመረ ቁጥር ትነቱ ይፈጥናል። የሎሚ ወገኖችን ሽታ የሚሰጠው ሊሞኒን በ176 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲፈላ ቫኒሊን እስከ 285 ገደማ ይታገሣል። ስለዚህ በሞቃት ቀን ቀላሉ ክፍል ብን ብሎ ይጠፋና ጣፋጩ ብቻውን ይቀራል። በብርድ ቀስ እያለ ይወጣ የነበረው ቫኒላም በአንድ ጊዜ ገንፍሎ ይወጣል። በተጨናነቀ ታክሲ ውስጥ የተቀመጠ ሰው ይህን ያውቀዋል።

ቀላሉ መፍትሔ ማቅጠን ይመስላል። የመዓዛው ዘይት በኦ ደ ፓርፉም ውስጥ ከ15 እስከ 20 በመቶ፣ በኮሎኝ ከ2 እስከ 5 በመቶ ያህል ይሆናል። አልኮሉን ብቻ መጨመር ግን የቅመሞቹን ምጣኔ አይለውጥም፤ ሎሚው አሁንም ቀድሞ ይሄዳል፣ የሚቀረውም ያው ጣፋጭ፣ ደከም ብሎ ነው።

ሎራን ምጣኔውን ራሱን ለወጠችው። የሎሚውን ወገን ከፍ አድርጋ ፊት አመጣችው፣ የጭሱንና የእንስሳውን ጠረን ቀነሰች፣ ቫኒላውን ግን አልነካችም ማለት ይቻላል። ውጤቱ ሎሚ እንደተጨመቀበት የቫኒላ ኬክ ነው። የዚህ ሥራ ብልሃት እዚህ ላይ ነው፦ ሻሊማርን የሚወድ ሰው ወዲያው ያውቀዋል፣ የከበደው ሰው ደግሞ ይቀበለዋል።

ሎሚ የበዛበት ሽቶ ለፀሐይ ሲታሰብ ሌላ ጣጣ አለው። በተፈጥሮው የቤርጋሞት ዘይት ውስጥ ያለው ቤርጋፕቴን ቆዳ ላይ ፀሐይ ሲያገኘው ያቃጥላል፤ ለወራት የማይለቅ ጥቁር ምልክትም ሊተው ይችላል። በዚህ ምክንያት የዛሬ ሽቶ ሠሪዎች በአብዛኛው ቤርጋፕቴኑ የወጣለትን ዘይት ይጠቀማሉ።

ሻሊማር ላይት በገበያ ላይ ብዙ አልቆየም። በ2008 «ኦ ደ ሻሊማር» ቦታውን ያዘ፤ ሎራንም ከዚያ ቀደም ብላ ወደ ካርቲዬ ተሻግራ የዚያ ቤት ሽቶ ቀማሚ ሆና ነበር። የድሮውን ጠርሙስ አድኖ የሚገዛ ሰው ፈሳሹ ጠቆር ብሎ ቢያገኘው አይደንግጥ፤ ቫኒሊን ከአየርና ከብርሃን ጋር ሲቆይ ይጠቁራል። ነጭ ነጠላ ላይ መርጨቱ ግን አይመከርም፤ ቡናማ ነጥብ ይተዋል።