ወጣቶች በሎጎ ሐይቅ ዙሪያ ሲጓዙና በድንኳን ሲያድሩ ሊያውቋቸው የሚገቡ ጥንቃቄዎች

ከሐይቅ ከተማ ወደ ጭፍራ በሚወስደው መንገድ ላይ ከምትገኘው ቢስቲማ ለሚነሡ የትምህርት ቤት ክበባትና የወጣት ማኅበራት፣ ለእግር ጉዞና ለድንኳን አዳር ቅርብ ከሆኑ ሥፍራዎች አንዱ ሎጎ ሐይቅ ነው።

ሐይቁ በገጸ ምድር የሚፈስስበት መውጫ የለውም። ወደ ውስጡ የገባን ሳሙና፣ የምግብ ዘይት ወይም ፌስታል ጠርጎ የሚወስድ ወንዝ ስለሌለ እዚያው ይቀራል። ትምህርቱ ከዚህ ቢጀመር «ቆሻሻ መጣል ክልክል ነው» ከሚል ሰሌዳ የተሻለ ይገባል። ዕቃ፣ ልብስና ገላ መታጠብ የሚገባው ከዳርቻው ቢያንስ 60 ሜትር ርቆ፣ በቀዳ ውኃ ነው፤ እጣቢውም በአፈር ላይ ይደፋል። መጸዳጃ በሌለበት ቦታም በዚሁ ርቀት ከ15 እስከ 20 ሳንቲ ሜትር ጉድጓድ ቆፍሮ መልሶ መድፈን ያስፈልጋል። አስተባባሪዎች ሲነሡ የውኃ ፕላስቲኮችንና የታሸጉ ምግቦችን ቆጥረው ቢመዘግቡ፣ ሲመለሱ ባዶዎቹን በዚያው መዝገብ ማመሳከር ይችላሉ። ቀላል ዘዴ ነው፤ ከምክር ይልቅ ቁጥር ይከበራል።

ከሁሉ የከፋው ጉዳት ግን የሚመጣው ከእሳት ነው። በ2011 ዓ.ም. በሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ የተነሣው ቃጠሎ በአካባቢው ሕዝብ ርብርብ ብቻ ሊገታ ባለመቻሉ፣ ከኬንያ ሄሊኮፕተር፣ ከእስራኤልም የእሳት አደጋ ባለሙያዎች መጥተው ነበር። በደረቅ ወራት፣ በተለይም ነፋስ ሲኖር፣ እሳት አለማንደድ ይመረጣል፤ ምግብ በአነስተኛ ቡታጋዝ ሊበስል ወይም ከቤት ተዘጋጅቶ ሊመጣ ይችላል። ማንደድ ግድ ከሆነ ቀድሞ እሳት የነደደበትን ቦታ መጠቀም፣ ከቆመ ዛፍ ቅርንጫፍ አለመቁረጥ፣ ሲጨርሱም ውኃ አፍስሶ፣ አመዱን አማስሎ በእጅ ጀርባ መቀዝቀዙን ማረጋገጥ ይገባል። አፈር ማልበስ ብቻ አይበቃም፤ ፍሙ ከሥር ሊቆይ ይችላል።

የሐይቁ ዳርቻ ነዋሪዎች የሚያርሱበትና ከብት የሚያሰማሩበት መሬት እንደመሆኑ፣ ድንኳን ከመትከል በፊት የቀበሌውን አስተዳደርና ባለይዞታውን ማስፈቀድ ያስፈልጋል። በማሳ መሐል አቋራጭ ከማውጣትም የተለመደውን የእግር መንገድ መከተል ይገባል። ሐይቅ እስጢፋኖስን መጎብኘት የሚፈልግ ቡድን ደግሞ የገዳሙን ሥርዓት አስቀድሞ ይጠይቅ። ገዳሙ የወንዶች በመሆኑ ሴቶች እንደማይገቡ ለተማሪዎቹ ከመነሻው ቢነገራቸው በበሩ ላይ ከሚፈጠር ቅሬታ ያድናል።