ፍሮይድ አምስት፣ ኤሪክሰን ስምንት፣ ፒያዤ አራት

የአእምሮ ጤና ነርሲንግ ተማሪዎቼ ስለ ሰው የእድገት ደረጃዎች ከሁሉ አስቀድመው የሚይዙት ቁጥር ነው። ፍሮይድ አምስት፣ ኤሪክሰን ስምንት፣ ፒያዤ አራት። የደረጃዎቹን ሠንጠረዥ በስልካቸው አንስተው በቴሌግራም ይላላኩታል፤ የፈተና ሰሞን እንደ ዳዊት ይደግሙታል። «ሲስተር፣ ዕድሜው ጭምር ይጠየቃል?» ይሉኛል። ይጠየቃል። ሕፃናት ክፍል ይዣቸው ስገባ ግን ያን ሁሉ የሸመደደው ተማሪ፣ አልጋ ጫፍ ላይ የተቀመጠ የአምስት ዓመት ልጅ ፊት ቆሞ የሚለው ይጠፋዋል። ሠንጠረዡ ዕድሜውን እንጂ ልጁ ላይ ምን እንደሚታይ አይነግረውማ።

ፍሮይድን ቶሎ አልፈዋለሁ። አምስቱን ደረጃዎች ያወጣው በአብዛኛው አዋቂ ታካሚዎቹ ከነገሩት ተነስቶ ነው፤ ሕፃናቱን ቁጭ ብሎ አልተመለከተም። ስዊዘርላንዳዊው ዣን ፒያዤ ግን ተመለከተ። በ1920 ገደማ (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው) ፓሪስ ውስጥ ለልጆች የአእምሮ ችሎታ መለኪያ ፈተና ሲያዘጋጅ፣ ከትክክለኛው መልስ ይልቅ ስሕተቱ ቀልቡን ሳበው። በአንድ ዕድሜ ያሉ ልጆች የሚሳሳቱት በአንድ ዓይነት መንገድ ነበር። ከዚያ በኋላ የገዛ ሦስት ልጆቹን ከሕፃንነታቸው ጀምሮ እየተከታተለ ጻፈ።

የሱን ነገር በሁለት የሻይ ብርጭቆና በአንድ ጎድጓዳ ሳህን ማሳየት ይቻላል። ግቢያችን ውስጥ ሻይ የምታፈላው ሴት ልጇን ታውሰናለች፤ አራት ዓመቷ ነው። በሁለቱ ብርጭቆ እኩል ውኃ እንቀዳለን። «እኩል ነው?» «እኩል ነው።» አንዱን ሳህኑ ላይ እንገለብጠዋለን። «አሁንስ?» «የብርጭቆው ይበልጣል።» ወደ ብርጭቆው ስንመልሰው እኩል ነው፤ ሳህኑ ላይ ስንደፋው እንደገና የብርጭቆው ይበልጣል። ከተማሪዎቹ አንዱ ሁልጊዜ አያስችለውም፤ «ራስሽ አየሽ አይደል እንዴ ስንገለብጠው!» ብሎ ይሟገታታል። እሷ ደግሞ እንዴት ይሄ አይታያችሁም በሚል ዓይን ታየናለች። ስምንት ዓመት የሞላው ወንድሟን ብትጠይቁት ጥያቄው ራሱ ያናድደዋል፦ «ምን ተጨመረ? ምን ተቀነሰ?»

በ1970ዎቹ ስኮትላንድ ውስጥ የሥነ ልቦና ባለሙያዋ ማርጋሬት ዶናልድሰንና ባልደረባዋ ፒያዤን አርመውታል። በረድፍ የተደረደሩ ነገሮችን አዋቂው ራሱ ከማዛነፍ ይልቅ አሻንጉሊት ድብ «አጥፍቶ» ሲያዛንፋቸው፣ ብዙ ትንንሽ ልጆች ቁጥሩ እንዳልተለወጠ አወቁ። ለኛ ቤት ልጅ ይህ ግልጽ ነው። ትልቅ ሰው ራሱ ነገሩን አዛንፎ ያንኑ ጥያቄ ደግሞ ከጠየቀህ የፊተኛው መልስህ ልክ አልነበረም ማለት ነዋ።

ታዲያ ይህ ለአእምሮ ጤና ባለሙያ ምን ይሠራለታል? የአምስት ዓመት ልጅ «እማዬ የታመመችው እኔ ስላስቸገርኳት ነው» ሲል በዕድሜው አስተሳሰብ እየተናገረ እንጂ እየቃዠ አይደለም። «መድኃኒቱን ካልዋጥክ ሐኪሙ ይወጋሃል» የምንለውም ነገር ቢቀር ደስ ይለኛል። ልጁ መርፌን ቅጣት አድርጎ ነው የሚይዘው፤ በሌላ ቀን ለሕክምና ስንወጋው ምን አጠፋሁ ብሎ ያስባል።

የአንጎሉን ነገር እዚህ ላይ አስገባለሁ። ሕፃን ሲወለድ አንጎሉ ከአዋቂው ሩብ ገደማ ይመዝናል፤ በሁለት ዓመቱ ሦስት አራተኛውን ይደርሳል። በነዚህ ዓመታት የነርቭ ሕዋሳት እርስ በርስ የሚገናኙባቸው መጋጠሚያዎች ከሚያስፈልገው በላይ ይበዛሉ፤ ኋላ ሥራ ያገኘው ይጠነክራል፣ ያላገኘው ይወገዳል። የማየቱ ክፍል ቀድሞ ሲደረጅ፣ ነገሩን አመዛዝኖ ራስን የሚገታው የግንባር ክፍል ግን እስከ ሃያዎቹ አጋማሽ ድረስ አይጠናቀቅም። አሥራዎቹን ያለፈ ልጅ ነገረ ሥራው ድንገት ሲለወጥ ቤተሰብ «አውቆ ነው» ብሎ የሚቆጣው፣ ቁመቱን አይቶ አንጎሉም አብሮ ያለቀ ስለሚመስለው ነው። ከባዱ የአእምሮ ሕመም ብዙ ጊዜ የሚጀምረውም በዚሁ ዕድሜ ነው።

ከሁሉም ተማሪ ሊያውቃት ይገባል የምላት የእናትና ልጅ ትስስር ተመራማሪዋ ሜሪ ኤይንስዎርዝ ናት፤ ደግሞ የትስስር ጥናቷን የጀመረችው እዚሁ ምሥራቅ አፍሪካ፣ ዩጋንዳ ውስጥ ነው። ከዚያ በፊት ለንደን ውስጥ ትስስርን ከሚያጠናው ከጆን ቦውልቢ ጋር ስትሠራ፣ ልጅ እናቱን የሚወደው ስለምታበላው ነው ከሚለው ሐሳብ ገና አልወጣችም ነበር። በ1954 ካምፓላ አካባቢ ባሉ የጋንዳ መንደሮች 26 እናቶችንና 28 ሕፃናትን በየሁለት ሳምንቱ እየሄደች ቤታቸው ተቀምጣ አየች። ሕፃኑ እናቱ ካለች እየዳኸ ይሄዳል፣ ዕቃ ይነካል፣ ዞሮ ያያታል፣ ይመለሳል። ስትወጣ ሁሉም ነገር ይቆማል። ምግብ ብቻ ይህን አያደርግም። በ1967 ባሳተመችው መጽሐፏ ከመዘገበቻቸው ነገሮች አንዱን እኔ አብዝቼ እጠቅሰዋለሁ፦ ስለ ልጃቸው ጥቃቅኑን ሳይቀር ዘርዝረው የሚያወሩ እናቶች ልጆች ይበልጥ የተረጋጉ ነበሩ። ኋላ አሜሪካ፣ ባልቲሞር ውስጥ የሠራችው፣ እናት ወጥታ ስትመለስ ሕፃኑ የሚሆነውን የሚያጠናው የሃያ ደቂቃ ሙከራ ነው መጽሐፍ ሁሉ ላይ ያለው። ዩጋንዳ በአንድ መስመር ታልፋለች፤ ይህ ያበሳጨኛል።

ስለዚህ ተማሪዎቼ የማንንም ሊቅ ስም ከመጻፋቸው በፊት እናትየዋን «ልጅሽን ምን ያስቀዋል?» ብለው እንዲጠይቁ አዝዛለሁ። አንድ ጊዜ አንዲት እናት «እኔ እንጃ» ብላ አንገቷን ደፋች። ተማሪዋ ወዲያው «ትስስሩ ደካማ ነው» ብላ ጻፈች። ሕፃኑን እዪው አልኳት። ሕፃኑ ማዘያውን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ ግድግዳ ተደግፋ ወደቆመች የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ እየዳኸ ነው። እናት ገበያ ስትውል የምታዝለው እህቱ ናት። የሚያስቀውን ስንጠይቃት፣ የዶሮ ድምፅ ስታወጣለት እንደሆነ ነገረችን፤ አሳየችንም።

እናትም እህትም፣ ማንም በሌለበት የሚሆነውን ሩማንያ አሳይታለች። ከአምባገነኑ መሪ ከቻውሼስኩ መውደቅ በኋላ ሕፃናት በገፍ የታጎሩባቸው ማሳደጊያዎች ተገኙ። በቡካሬስት ከማሳደጊያዎቹ የተመረጡ 136 ሕፃናትን የተከታተሉ ተመራማሪዎች ግማሾቹን በዕጣ ለአሳዳጊ ቤተሰብ ሰጡ። በስምንት ዓመታቸው የአንጎላቸው የኤሌክትሪክ ሞገድ ሲለካ፣ ሁለት ዓመት ሳይሞላቸው ቤት የገቡት በቤተሰብ ካደጉ ልጆች ጋር ተቀራረቡ። የዘገዩት አልደረሱባቸውም።

ኤሪክሰንን መጨረሻ ላይ የማስቀምጠው ክፍሉን ስለሚያስጮኸው ነው። ለየደረጃው የሰጠው እያንዳንዱ የሕይወት ፈተና በሌላውም ዕድሜ በሆነ መልኩ እንዳለ እሱ ራሱ ጽፏል፤ ሠንጠረዡ ግን በሣጥን በሣጥን ከፋፍሎታል። አምስተኛው በአሥራዎቹ ማንነትን መፈለግ፣ ሰባተኛው ደግሞ በጎልማሳነት ተከታዩን ትውልድ ማሳደግ። ባለፈው አንዱ ተማሪ እጁን አወጣ። «ሲስተር፣ እኔ በአሥራ ስድስት ዓመቴ ሁለት ታናናሾቼን አሳድጌያለሁ። የትኛው ላይ ነበርኩ?» ክፍሉ ለሁለት ተከፍሎ ተከራከረ፤ አምስተኛው ያሉ ነበሩ፣ ሰባተኛው ያሉም። እኔ ሁለቱንም ነበርክ አልኩት፤ የመውጫ ፈተናው ላይ ግን አምስተኛውን አክብብ።