የአርሲ ደጋ ቤት፦ ከጥድ ምሰሶ እስከ ብሎኬት

በጢቾና በአካባቢው ያለውን ቤት በዘመን ቅደም ተከተል ለሚመረምር ሰው፣ ጎልቶ የሚታየው ለውጥ የጣሪያው ነው። ግድግዳው ዘግይቶ ተከተለ፤ የሠሪው ዕውቀት ግን ከሁለቱም በፊት መሳሳት ጀምሮ ነበር። ስለዚህ «ጭቃ ቤት ቀረ» የሚለው አባባል ግማሽ እውነት ነው። ጭቃው ዛሬም አለ፤ የወረደው ክብሩና ሙያው ነው።

እስከ 1950ዎቹ ድረስ የጭላሎ፣ የጢቾና የአርባ ጉጉ አውራጃዎች ገበሬ ቤቱን የሚሠራው በዙሪያው ካለው ነገር ነበር፤ ምሰሶውን ከጥድ፣ ክዳኑን ከሳር፣ ምርጉን ከአፈርና ከጭድ። ጥድ መሬት ውስጥ ተቀብሮ ብስባሴንና ምስጥን ስለሚቋቋም ቤቱ ዕድሜ ነበረው፤ ወፍራሙ የሳር ክዳንም የደጋውን የሌሊት ብርድ ይመክት ነበር። ሥራው በደቦ ስለሚከናወን የሚወጣው ገንዘብ ጥቂት ነው፤ የሚጠይቀው ዕውቀት ግን ብዙ ነው። አፈሩ ስንት ቀን እንደሚቦካ፣ ጭዱ በምን ያህል መጠን እንደሚገባ፣ የመጀመሪያው ምርግ ሳይደርቅ ልስኑ እንደማይከተል የሚያውቁ ሰዎች በየመንደሩ ነበሩ።

የመጀመሪያው መታጠፊያ የመጣው ከእርሻው በኩል ነው። በ1960 ዓ.ም. ግድም በስዊድን ርዳታ አሰላ ላይ የተቋቋመው የጭላሎ የእርሻ ልማት ድርጅት፣ ሕዝቡ ካዱ የሚለው፣ ምርጥ ዘርና ማዳበሪያ ይዞ መጣ፤ ትራክተርም ተከተለ። ስለ ካዱ ሲወራ የሚነሣው ምርቱ ነው፤ በቤት ላይ ያስከተለው ለውጥ ግን ብዙ ጊዜ ይዘለላል። የግጦሽ መሬት በታረሰ ቁጥር የክዳን ሳር ራቀ፤ ኋላ የተስፋፉት የስንዴ ዝርያዎችም አገዳቸው አጭር ስለሆነ ምትክ አልሆኑም። ከስንዴው የተገኘው ገንዘብ በበኩሉ ቆርቆሮ ገዛ። በ1880ዎቹ በምኒልክ ዘመን አገር የገባው ባሕር ዛፍ ደግሞ የጥዱን ቦታ ያዘ። ቶሎ ይደርሳል፣ ቀጥ ብሎም ያድጋል፤ ነገር ግን እግሩ መሬት ውስጥ እንደ ጥድ አይቆይም። ቤቱ ከውጭ ሲታይ የዘመነ መሰለ፣ ከሥሩ ግን ዕድሜው አጠረ።

ሁለተኛው መታጠፊያ የመንደር ምሥረታ ነው። በ1978 ዓ.ም. ዘመቻው በአርሲ በስፋት ሲካሄድ ጎጆዎች ፈርሰው፣ ምሰሶና ማገራቸው ተጓጉዞ፣ በመስመር በተሸነሸነ ቦታ ላይ በጥድፊያ ቆሙ። በአገር ደረጃ በሦስት ዓመታት ውስጥ ከአሥር ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ወደ መንደር ተሰብስቧል። በመጋቢት 1982 መንግሥት ቅይጥ ኢኮኖሚ ሲያውጅ ብዙው ገበሬ መንደሩን አፍርሶ ወደ ቀድሞ ቦታው ተመለሰ። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ሁለት ጊዜ የፈረሰና ሁለት ጊዜ የተሠራ ቤት ጥራት እንደማይኖረው ግልጽ ነው። ከዚህ ጊዜ በኋላ ጭቃ የችግር ጊዜ መሥሪያ ተደርጎ መታየቱ፣ በእኔ እምነት፣ ከሲሚንቶው መብዛት ይልቅ ለውርደቱ የከፋ ምክንያት ነው።

ሲሚንቶው የበዛው ከዚያ በኋላ ነው። ሙገር በ1976 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር በዓመት 300 ሺሕ ቶን የማምረት አቅም ነበረው፤ በ2004 የተመረቀው ደርባ ብቻውን 2.5 ሚሊዮን ቶን ይዞ ብቅ አለ። ዳንጎቴ በ2007፣ ለሚ በ2017 ተከተሉ። ከተሞቹም አደጉ። አሰላ በ1987ቱ ቆጠራ ወደ 47 ሺሕ ሕዝብ ነበራት፤ በ1999 ወደ 67 ሺሕ ደረሰች። በዚያው በ1987 የወጣው የሕንፃ ኮድ ለኮንክሪት፣ ለብረት፣ ለእንጨትና ለግንብ ራሱን የቻለ ቅጽ ሲሰጥ ለጭቃ አልሰጠም። አብዛኛው ሕዝብ የሚኖርበት ግድግዳ መለኪያ አልባ ሆኖ ቀረ፤ መለኪያ የሌለውን ደግሞ መሐንዲስ አይፈርምበትም፣ ባንክም በዋስትና ለመያዝ ያመነታል። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ከመቶ ብር በታች የነበረው አንድ ኩንታል ሲሚንቶ በ2014 ከሺሕ ብር ሲያልፍ እንኳ ባለቤቱ ብሎኬቱን መጠበቅን መረጠ።

ማንሰራራቱ የተጀመረው ከላይ፣ ከአዲስ አበባ ነው። በ1997 የተጠናቀቀውና የአገር ውስጥ አርክቴክት ራሔል ሻውል የተሳተፈችበት የኔዘርላንድ ኤምባሲ የላሊበላን ፍልፍል አሠራር በቀይ አፈር ቀለም አስታውሶ በ1999 የአጋ ካን ሽልማትን አገኘ፤ ያም ሆኖ ሥጋው ኮንክሪት ነው። ወደ ቁሱ ራሱ የገባው በ1947 በተመሠረተው የኢትዮ ስዊድን የሕንፃ ኮሌጅ ግቢ የሚገኘው የዛሬው የአርክቴክቸር ተቋም፣ ኢ.አይ.ኤ.ቢ.ሲ. ነው። በ2003 ግድም ከዙሪክ ባለሙያዎች ጋር ያቆመው ባለ አንድ ፎቅ የሙከራ ቤት የታችኛው ግድግዳ ከተጠቀጠቀ አፈር፣ ወለልና ጣሪያው ደግሞ ከአፈርና ከጥቂት ሲሚንቶ በተሠሩ ስስ ጡቦች ቅስት የተሠራ ነበር። ከዚያ ወዲህ በአገር ድንጋይ፣ በእንጨትና በሳር የተሠሩ ሎጆች በዝተዋል፤ በ2015 የተመረቀው የዳውሮው ሐላላ ኬላ አንዱ ነው። ውበታቸውን አደንቃለሁ፤ ነገር ግን የአገሩ ቁስ ለእንግዳ ማረፊያ ጌጥ ሆኖ ከፍ ሲል፣ ለነዋሪው መኖሪያ ሆኖ ዝቅ ማለቱ ያሳስበኛል። የቡርኪናፋሶው ፍራንሲስ ኬሬ በ2014 የፕሪትዝከርን ሽልማት ያገኘው በተቃራኒው መንገድ ሄዶ ነው፤ በገዛ መንደሩ፣ ለመንደሩ ልጆች፣ ከመንደሩ አፈር ትምህርት ቤት ሠርቶ።

አርሲ ለዚህ ዓይነቱ መንገድ ቁስ አይቸግረውም። እሳተ ገሞራ የፈጠረው ድንጋይ ለመሠረት፣ አፈሩ ለግድግዳ፣ ባሕር ዛፉ ለጣሪያ አለ። ጭዱ ላይ ግን ጥንቃቄ ያሻል፤ የከብት መኖም ስለሆነ በየዓመቱ ዋጋው ከመኖው ገበያ ጋር ይሻማል። የጭቃ ቤት የታወቁ ደዌዎች፣ ከታች የሚወጣ እርጥበትና ከጎን የሚመታ ዝናብ፣ መድኃኒታቸውም የታወቀ ነው፦ ከመሬት ከፍ ያለ የድንጋይ መሠረት፣ ረዘም ያለ የጣሪያ ክፈፍ፣ በኖራ የተለሰነ ግድግዳ። ይህን በቁጥርና በሥዕል አስፍሮ ማዘጋጃ ቤቱ ፈቃድ የሚሰጥበት መለኪያ ማድረግ የባለሙያዎቹ ሥራ ነው፤ አፈሩን በእጃቸው የሚያውቁት የጢቾ አዛውንቶች በሕይወት ሳሉ ቢጀመር ደግሞ ግማሹ ጥናት እነሱ ዘንድ ተዘጋጅቶ ይገኛል።