አደይ አበባ፦ የተክሉ ገለጻና የስሙ ታሪክ



ክረምቱ አልፎ መስከረም ሲጠባ፣ ከጥርባ እስከ እንጅባራና ዳንግላ የማሳው ዳርና ሜዳው ቢጫ ይለብሳል። ሁላችንም «አደይ አበባ» እንለዋለን። የዛሬው ጥያቄዬ፣ ይህ ስም የሚጠራው አንድን ተክል ብቻ ነውን? የሚል ነው።

በመጀመሪያ ተክሉን እንመልከት። አደይ አበባ የአስቴራሴ ቤተሰብ አባል ነው። በዚህ ቤተሰብ አንድ አበባ የሚመስለን ነገር በእውነቱ የብዙ ጥቃቅን አበቦች ስብስብ ነው። ዙሪያውን የከበቡት ቢጫ «ቅጠሎች» እያንዳንዳቸው ራሳቸውን የቻሉ አበቦች ሲሆኑ፣ ተግባራቸው ነፍሳትን መጥራት ነው፤ ዘር የሚያፈሩት መካከል ላይ የታጨቁት ናቸው። ወገኑ ቢደንስ ይባላል፤ በላቲን «ባለ ሁለት ጥርስ» ማለት ነው። ስሙ የወጣው በብዙዎቹ ዝርያዎች ፍሬ ጫፍ ላይ ከሚታዩት ሁለት እሾህ መሰል ጥርሶች ነው።

በሰፊው የሚታወቀው ዝርያ ሙሉ ስም «ቢደንስ ማክሮፕቴራ (ሹልትስ ቢፖንቲኑስ ኤክስ ኪዮቬንዳ) መስፍን» ተብሎ ይጻፋል። ማክሮፕቴራ «ትልቅ ክንፍ ያለው» ማለት ሲሆን የፍሬውን ክንፍ ያመለክታል። ቀጥለው የተደረደሩት ሰዎች ደግሞ ታሪኩን ይናገራሉ። ስሙን ያሰበው ጀርመናዊው ሹልትስ ነው፤ በደንቡ መሠረት ያሳተመው ጣሊያናዊው ኪዮቬንዳ ነው፤ ሁለቱ በቅንፍ የገቡት ተክሉ ቀድሞ በሌላ ወገን ሥር ተመድቦ ስለነበር ነው። ከቅንፉ ውጭ የቆመው፣ እ.ኤ.አ. በ1984 ዓ.ም. ተክሉን ወደ ቢደንስ ያዛወረው ኢትዮጵያዊው የዕፅዋት ሊቅ መስፍን ታደሰ ነው። የአባቱ ስም ሳይሆን የራሱ ስም መጻፉን ልብ በሉ፤ የአገራችን የስም ሥርዓት በዓለም አቀፉ መዝገብ ውስጥ ሳይለወጥ ቆሟል። የኢትዮጵያና የኤርትራ ዕፅዋት መድበል ይህን ቤተሰብ የያዘውን ክፍል እ.ኤ.አ. በ2004 ዓ.ም. ያዘጋጀውም እሱ ነው።

ወደ ጥያቄያችን እንመለስ። «አደይ አበባ» ቢደንስ ማክሮፕቴራን ብቻ ሳይሆን፣ ቢደንስ ፓኪሎማንና ቢደንስ ፕሬስቲናሪያን የመሳሰሉ ዘመዶቹንም ይጠራል። የሕዝቡ ስም የጊዜ ስም ነው፤ የዘመን መለወጫን ያበሥራልና ይህ በቂው ነው። ሆኖም ሕዝቡ መለየት አያውቅም ማለት አይደለም። ገበሬው የሚዘራውን ኑግና በማሳው መካከል ሳይዘራ የሚበቅለውን ሜጭ፣ ሁለቱም ቢጫ አበባ ያላቸው የጊዞቲያ ወገን ዝርያዎች ቢሆኑም፣ በሁለት ስም ይጠራቸዋል። አንዱ ዘይት ይሰጠዋል፣ ሌላው አረም ነው። ስም የሚበዛው ልዩነቱ ኑሮን በሚነካበት ቦታ ነው።

እንግዲህ ናሙና ስትሰበስቡ «አደይ አበባ» ብላችሁ ብቻ አትለፉ። የበሰለ ፍሬ ከሌለው ናሙና ዋና መለያው ይጎድለዋል፤ ስለዚህ አበባውን ብቻ ሳይሆን ፍሬውንም ያዙ። ቦታውን፣ ከፍታውን፣ ቀኑን ጻፉ፤ ነዋሪው በአማርኛም በአዊኛም የሚጠራበትን ስም መዝግቡ። ሳይንሳዊው ስም የትኛው ተክል እንደሆነ ይነግረናል፤ የአገሬው ስም ለሰው ምን እንደሆነ ይነግረናል። አንዱ የጠፋበት መዝገብ ጎዶሎ ነው።