የቤተ ሰብ አውቶሞቢል ምርጫ፤ ተራው ወይስ የቅንጦቱ?

ለቤተ ሰቡ ሰፊ አውቶሞቢል የሚገዛ ሰው አስቀድሞ ሊመረምረው የሚገባው፥ የዋጋው ልዩነት ከምን እንደሚመጣ ነው። ለምሳሌ ያህል ቶዮታ ግራንድ ሃይላንደርና ሌክሰስ ቲ ኤክስ የአንድ ኩባንያ ሥራዎች ናቸው። ሁለቱም እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2023 ዓ.ም. ለአሜሪካ ገበያ የቀረቡ፥ በኢንዲያና በፕሪንስተን ከተማ የሚሠሩና ባለሦስት ረድፍ መቀመጫ ናቸው። ሲቀርቡ ግን የመነሻ ዋጋቸው በ10,000 ዶላር ገደማ ይለያይ ነበር።

ለዚህ ጭማሪ ገዢው የሚያገኘው የውስጥ ምቾት፥ ጸጥታና የረዘመ ዋስትና ነው፤ ይኸውም በአሜሪካ የቶዮታ መሠረታዊ ዋስትና 3 ዓመት ወይም 36,000 ማይል ሲሆን፥ የሌክሰስ 4 ዓመት ወይም 50,000 ማይል ነው።

ስለዚህ ልጆችን ለማመላለስና ዕቃ ለመጫን ተራው ይበቃል። የቅንጦቱ የሚገባው በመንገድ ላይ ረጅም ሰዓት ለሚያሳልፍና ልዩነቱን ሳይበደር ለሚከፍል ነው።