ብረት ፕላቲነምን ይተካ ይሆን?

የዋግ ኽምራዋ ሰሃላ ስትነሳ ብዙዎቻችን የምናስታውሰው ድርቅን ነው። እናም ሃይድሮጂን ከውኃ እንደሚመረት ባወራሁ ቁጥር “የሚጠጣው ሳይኖር?” የሚል ጥያቄ ይከተለኛል። ተገቢ ጥያቄ ነውና ከእሱው ልጀምር።

አንድ ኪሎ ሃይድሮጂን የሚገኘው 9 ሊትር ያህል ውኃ ተሰንጥቆ ነው። ማጣሪያውና ማቀዝቀዣው ተጨማሪ ውኃ ይፈልጋሉ፤ ቢሆንም ከባዱ ወጪ እሱ አይደለም። ለዚያው አንድ ኪሎ 50 ኪሎ ዋት ሰዓት ገደማ ኤሌክትሪክ ይበላል። በአሲድ በሚሠሩት መሣሪያዎች ላይ ደግሞ የፕላቲነም ዋጋ ይጨመራል።

ለመሆኑ ፕላቲነም ምን ይሠራል? ካታሊስት፣ ማለትም አፋጣኝ ነው። በውኃው ውስጥ ያሉት ፕሮቶኖች ኤሌክትሮን ተቀብለው፣ ሁለት ሁለት ሆነው ጋዝ እንዲሆኑ ያግዛል። እሱ ከሌለ ሥራው ተጨማሪ ቮልቴጅ ይጠይቃል፤ ኤሌክትሪክ ይባክናል።

የሚገርመው፣ አንዳንድ ባክቴሪያዎች ይህንኑ ሥራ በተራ ብረት ይሠሩታል። ሃይድሮጂኔዝ የተባለው ኢንዛይማቸው እ.ኤ.አ. በ1998 እና በ1999 ቅርጹ ሲታይ፣ በእምብርቱ ሁለት የብረት አቶሞች በድኝ ተያይዘው ተገኙ። ከዚያ ወዲህ ኬሚስቶች ያንን እምብርት የሚመስሉ ትንንሽ ሞለኪውሎች እየሠሩ በኤሌክትሪክ ይፈትናሉ። ቀደም ብሎም በ1996 የፈረንሳዩ ሳቬአን ቡድን፣ ደማችንን ከሚያቀላው ሄም ጋር የሚዛመድ የብረት ፖርፊሪን ከአሲድ ሃይድሮጂን እንደሚያወጣ አሳይቷል።

ታዲያ ለምን ገበያ አልወጣም? ብዙዎቹ ሞለኪውሎች ቶሎ ይፈርሳሉ፤ ኦክስጅን ያበላሻቸዋል፤ ከፕላቲነም የበለጠ ቮልቴጅም ይፈልጋሉ። ፈተናው ብረቱን ማግኘት ሳይሆን ዕድሜውን ማራዘም ነው።

ይህ ለገበሬው ምኑ ነው? ዩሪያ የሚሠራው ከአሞኒያ ነው፤ አንድ ቶን አሞኒያ ደግሞ 180 ኪሎ ገደማ ሃይድሮጂን ይፈልጋል። ዛሬ ይህ በአብዛኛው የሚገኘው ከተፈጥሮ ጋዝና ከድንጋይ ከሰል ነው። እኛ ግን ከ2009 እ.ኤ.አ. ጀምሮ 300 ሜጋ ዋት አቅም ያለው የተከዜ ግድብ፣ በመስከረም 2025 እ.ኤ.አ. የተመረቀው 5,150 ሜጋ ዋት የህዳሴ ግድብም አለን። በዶላር ሲገዛ የኖረውን ማዳበሪያ አንድ ቀን ከራሳችን ኤሌክትሪክ ማውጣት ሕልም ብቻ አይደለም።

ብረት ለሰሃላ ዝናብ አያመጣም። ዝናቡ በመጣ ጊዜ ግን ገበሬው በእጁ ማዳበሪያ መኖሩ ትልቅ ነገር ነው። በእኔ እምነት የኬሚስትሪ ክፍሎቻችን ይህን ጥናት ለሌሎች ሊተዉት አይገባም።